የጉና ውኃና የጋይንት መብራት

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ የፎገራን ሜዳ ትቶ ዳገቱን ከጀመረ በኋላ የጉና ተራራ ከዐይኑ አይለየውም። ጉና ከባሕር ወለል በላይ 4100 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ተራራ ነውና፥ ራሱን በደመና ሸፍኖ፥ ወገቡን በጅብራና በአስታ አልብሶ፥ ግርጌውን ገብስና ድንች አንጥፎ ይታያል። ክምር ድንጋይን አልፎ ነፋስ መውጫ የደረሰ ሰው፥ ከተማይቱ ስሟን ያገኘችው በከንቱ አለመሆኑን ጋቢውን አጥብቆ ሲደርብ ያውቀዋል። ከዚያ በስተ ምሥራቅ ጨጨሆና ደብረ ዘቢጥ፥ በስተ ደቡብ የታች ጋይንት ዓርብ ገበያና የስማዳ ወገዳ፥ ወደ ደቡብ ምዕራብ ደግሞ የእስቴ መካነ ኢየሱስ ይገኛሉ። ደጋው እየተሰበረ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ቆላ ስለሚወርድ፥ ገብስ ከሚታጨድበት አገር ማልዶ የተነሣ መንገደኛ ማሽላ ከሚበቅልበት አገር ለማደር ይችላል።

ነገር ግን ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልንጽፍ ያሰብነው ስለ አገሩ መልክ ብቻ ሳይሆን ስለ መብራቱም ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች ከጉና ተነሥተው ጣናን ይመግባሉ። ከጣና የሚወጣው ውኃ በ1956 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ጣቢያ፥ በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛውን አንቀሳቀሰ፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋዋት ኃይል ያለው የጣና በለስ ጣቢያ ተመረቀ። ከጋይንትና ከስማዳ በበሽሎ በኩል የሚወርደውም ውኃ ዓባይን ተቀላቅሎ፥ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው 5150 ሜጋዋት ኃይል ወዳለው ወደ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ይደርሳል። እንግዲህ የዚህ አገር ውኃ ወርዶ የሩቁን ከተማ ሲያበራ፥ ውኃው በሚመነጭበት ተራራ ሥር ብዙ ቤት ገና በኩራዝ ያመሻል። ልጁ ለትምህርቱ ወደ ኩራዙ በተጠጋ ቁጥር ጭሱ ዐይኑን ያስለቅሰዋል፤ ሌሊት ምጥ የያዛት ሴትም በባትሪ ጭላንጭል ትወልዳለች።

ይህ የሆነበትን ምክንያት አገሩን በእግሩ የሄደበት ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። ሽቦው መንገድን ተከትሎ ከከተማ ወደ ከተማ ሄዷል። የባላገሩ ቤት ግን አንዱ ከአንዱ ርቆ፥ አንዱ ጎጥ በዚህ ጉብታ፥ ሌላው ከገደሉ ማዶ ሰፍሮ ይኖራል። ለአሥርና ለአሥራ አምስት ቤት ብዙ ምሰሶ ተክሎ ሽቦ መዘርጋት ታላቅ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ከእነዚያ ቤቶች በወር የሚሰበሰበው ክፍያ ግን የምሰሶውን ዋጋ እንኳ ለመመለስ ብዙ ዘመን ይፈጅበታል። ስለዚህ መንግሥት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው የብርሃን ዕቅድ፥ እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ከሕዝቡ 65 ከመቶው ከዋናው መሥመር፥ 35 ከመቶው ደግሞ ከመሥመር ውጭ፥ ማለት በፀሐይ ኃይልና በመሰለው፥ መብራት እንዲያገኝ አስቦ ነበር። የተባለው ጊዜ አልፏል፤ ሥራው ግን ገና አላለቀም።

እንዲህ ያለው ችግር በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። በ1927 ዓ.ም. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የገጠር መብራት መሥሪያ ቤት ሲያቋቁሙ፥ በዚያ ባለጸጋ አገር ከመቶ እርሻ መብራት የነበረው አሥር ያህሉ ብቻ ነበር። ነጋዴዎቹ ኩባንያዎች ገበሬው ሩቅ ነው፥ አያተርፈንም ብለው ትተውት ነበርና። በተከታዩ ዓመት በወጣው ሕግ መንግሥት በአነስተኛ ወለድ ብድር ሰጠ፤ ገበሬዎቹም በየአውራጃቸው ማኅበር አቁመው ምሰሶውን ተከሉ፥ ሽቦውን ዘረጉ፥ ሒሳቡን ራሳቸው ያዙ። ሃያ ዓመት ያህል ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ አብዛኛው እርሻ ብርሃን አገኘ።

የእንዲህ ያለው ማኅበር አሠራር ለጋይንት ሰው እንግዳ የሚሆን አይመስለንም። በአገራችን የኅብረት ሥራ ሕግ፥ እንደ አዋጅ ቁጥር 985/2009 ሁሉ፥ አባል የሚሆን ሰው ዕጣ ይገዛል፤ ጠቅላላው ጉባኤ አመራሩንና ተቆጣጣሪዎቹን ይመርጣል፤ ብዙ ዕጣ ያለውም ጥቂት ያለውም ድምፁ አንድ ነው። ከትርፉም ለመጠባበቂያ ይቀመጣል። በአማራ አገር የመስኖ ጠለፋ ባለበት ሁሉ ይህን የሚመስል ልማድ አለ፤ ይኸውም የውኃ አባት የሚባለው ሹመት ነው። የውኃ አባት በተጠቃሚዎቹ ፈቃድ ይመረጣል፤ ተራ ያወጣል፥ ቦዩ በደለል በተደፈነ ጊዜ ሰዉን ለጠረጋ ይጠራል፥ ያለ ተራው ውኃ የጠለፈውን ይቀጣል። የኤሌክትሪክ ማኅበር ሊቀ መንበር ከዚህ የተለየ ምን ሥራ አለው? ቦዩ ሽቦ ሆነ እንጂ ተራው፥ ጠረጋውና ቅጣቱ ያው ነው።

በሲዳማ ደጋ በጎቤቾ፥ በኤረርቴና በሐጋራ ሶዲቻ በጀርመን መንግሥት ድርጅት እርዳታ የተሠሩት አነስተኛ የውኃ ኃይል ጣቢያዎች ለተጠቃሚዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲሰጡ የታሰበው በዚህ መንገድ ነበር። ከእነርሱ የሚበልጠው 55 ኪሎዋት ብቻ ነው፤ ከሕዳሴው ግድብ ጋር ቢያስተያዩት እንደ ጠብታ ነው። ጠብታው ግን ወንዙን ለሚጠብቀው ሰፈር የራሱ ነው።

በእኛው ክልል በሰሜን ሸዋ ሬማ በምትባለው ቀበሌ ደግሞ በ1999 ዓ.ም. ገደማ በአንድ የፀሐይ ኃይል ድርጅት አማካይነት ከ1000 በላይ ቤቶች በጣራቸው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ተተክሎላቸው ነበር። ከዚያ ሥራ እጅግ የምናደንቀው ሰሌዳውን ሳይሆን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ ባለቤቶቹ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ለጥገና እንዲያዋጡ መደረጉ ነው፤ ሁለተኛው፥ የሚጠግን ሰው ከሩቅ እንዳይፈለግ እዚያው የፀሐይ ኃይል ትምህርት ቤት መከፈቱ ነው። ሰሌዳው ብዙ ዘመን ይቆያል፤ ባትሪው ግን በጥቂት ዓመት ውስጥ ይደክማል። የባትሪ ዋጋ ያልተጠራቀመበት ሰፈር፥ መብራት የገባበትን ቀን በእልልታ አክብሮ ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ ኩራዙ ይመለሳል።

በነገራችን ላይ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያስሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን 7 ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጓዙት በዚሁ በጋይንት ደጋ በኩል ነው። ገደሉ እየተፈለጠ፥ መንገዱ እየተደለደለ፥ ሰው በጠፍር እየጎተተው ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ያን የሚያህል ብረት በእጁ ያሳለፈ አገር አንድ አነስተኛ መዘውር ወደ ጅረት ማውረድ አያቅተውም። መድፉ ግን በንጉሥ ትእዛዝ አንድ ጊዜ ተጎትቶ ያለፈ ሸክም ነበር፤ መብራት በየወሩ የሚጎተት ሸክም ነው። በየወሩ የሚጎተተውን ደግሞ የራሴ ነው ከሚል ሰው በቀር የሚጎትተው የለም።

ይህ ገጽ የቤተ ሰብ ገጽ እንደ መሆኑ ስለ ወፍጮ ሳንናገር ብናልፍ ጥፋት ይሆንብናል። እንደ እኛ አሳብ፥ በጋይንትም በስማዳም በእስቴም የሚቋቋም የመብራት ማኅበር ከአምፑል አስቀድሞ ወፍጮ መትከል ይገባዋል። መብራት የሚፈለገው ከምሽቱ እስከ መኝታ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ኃይሉ ያለ ሥራ ይውላል። ወፍጮው ግን ቀን ይሠራል፤ የሚያስፈጨው ሰው የሚከፍለው ገንዘብም የምሽቱን መብራት ወጪ ይደግፋል። ወፍጮ በሌለበት ቀበሌ እናቶቻችን ወይ ሌሊት ተነሥተው በድንጋይ ወፍጮ ላይ ወገባቸውን ይሰብራሉ፥ ወይም እህሉን በአህያና በጀርባ ጭነው ዳገትና ቁልቁለት ይወጣሉ ይወርዳሉ። የናፍጣው ወፍጮ ደግሞ ነዳጅ ሲወደድ ዋጋው ይጨምራል፥ ነዳጅ ሲታጣም ቆሞ ይውላል። ከወፍጮው ቀጥሎ ክትባት የሚቀዘቅዝበት የጤና ኬላው ማቀዝቀዣ፥ ከዚያም ትምህርት ቤቱ ሊታሰብ ይገባል።

ሁለት ነገር ግን ያሳስበናል። አንደኛው የዕጣው ገንዘብ ነው። ላይ ጋይንት፥ ታች ጋይንትና ስማዳ ዝናም በተዛባ ቁጥር ችግር የሚደርስባቸው፥ ብዙ ቤተ ሰብም በሴፍቲ ኔት እርዳታ የኖረባቸው ወረዳዎች ናቸው። ዕጣው በአንድ ጊዜ ይከፈል ቢባል፥ ማኅበሩ በሬ ያለው ሰው ማኅበር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ድኻው በጉልበቱ፥ ጉድጓድ በመቆፈርና ምሰሶ በመሸከም፥ ዕጣውን ቢያገኝ፥ የቀረውንም አዝመራ ሲገባ ቢከፍል መልካም ነው። በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 317 የተቋቋመው የገጠር ኤሌክትሪፊኬሽን ፈንድ ለእንዲህ ያለው ሥራ ብድር እንዲሰጥ የታሰበ ነበርና፥ መንገዱ ያልተሞከረ አይደለም። ሁለተኛው፥ በብዙ ማኅበር የሚመዘገበው አባወራው ብቻ መሆኑ ነው። በጭሱ የምትለበለበው፥ እህሉንም የምታስፈጨው ሚስት ናት፤ ጉባኤው የወፍጮውን ሰዓትና ዋጋ ሲወስን ግን ድምፅ የላትም። በባልና በሚስት ስም ሁለት አባልነት ቢመዘገብ፥ ወይም ከአመራሩ ግማሹ ሴቶች ቢሆኑ፥ ወፍጮው ሳይጠገን የሚሰነብትበት ቀን የሚያጥር ይመስለናል።

ፀሐይ ከጉና ኋላ ስትገባ በነፋስ መውጫ ጎዳና መብራቱ ይበራል። ከከተማው ዳር ቆሞ በስተ ደቡብ ወደ ታች ጋይንትና ወደ ስማዳ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው የመጨረሻው ምሰሶ ቅርብ ነው፤ ከምሰሶው ወዲያ እዚህና እዚያ የእራት እሳት ብልጭ ይላል፥ ጥቂት ቆይቶም ይዳፈናል። ነፋሱ ጋብ ሲል ከጨለማው ውስጥ ወደ በሽሎ የሚወርደው የጅረት ድምፅ ይሰማል።