ርዕስ ፍለጋ የወጣው የፊዚክስ ተማሪ

የመመረቂያ ወቅት ሲቃረብ በዩኒቨርሲቲዎቻችን አካባቢ የሚለጠፉትን ወረቀቶች ሳታዩ አትቀሩም። የመብራት ምሰሶ ላይ፣ የፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ፣ የታክሲ ተራ ግድግዳ ላይ፤ «ሪሰርች እናማክራለን፣ ፕሮፖዛል እንሠራለን፣ ዳታ እንተነትናለን» ይላሉ። ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። ስለዚህ ገበያ ብዙ ተብሏል። ሻጩ ማን ነው፣ ገዢው ማን ነው፣ ተቆጣጣሪው የት ሄደ የሚለው ክርክር ለሌላ ቀን ይቆየን። ዛሬ ማንሳት የፈለግሁት ከግዢው በፊት ስለሚሆነው ነገር ነው።

ተማሪው ስልኩን ከመደወሉ በፊት ርዕስ መርጧል። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የሚጀምረው እዚያ ነው። የራሱ ያልሆነ ርዕስ የያዘ ሰው ሥራውን ለሌላ ሰው አሳልፎ ቢሰጥ የሚቆጨው ነገር የለም። ከልቡ ሊያውቀው የሚፈልገው ነገር ያለው ሰው ግን ብር ከፍሎ መልሱን ሌላ ሰው እንዲጽፍለት ማድረግ ይከብደዋል።

ነገሩን በፊዚክስ ተማሪዎች በኩል ላሳያችሁ። እኔ የፊዚክስ ሰው አይደለሁም። 70 በ30 በሚባለው ምደባ ዘመን ከ30ው ወገን ነበርኩ፤ በጋዜጠኝነት ቢኤ ይዤ ለተለያዩ ሚዲያዎች በግሌ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ። ወደ ጉዳዩ ያስገባኝ የአክስቴ ልጅ ነው። በአንዱ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተመራቂ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ምሽት ደውሎ «ወንድሜ፣ አንተ የመጻፍ ሰው ነህ፣ እስኪ አንድ ጥሩ ርዕስ ስጠኝ» አለኝ።

ምን ምን እንዳሰበ ጠየቅኩት። ሦስት ነገር ነበረው። አንደኛው ስለ ብላክ ሆል ነው፤ «ስሙ ከበድ ስለሚል ኮሚቴው ብዙ አይጠይቅም» አለኝ። ሁለተኛው ከእሱ በፊት የተመረቁ ልጆች በኳንተም ኦፕቲክስ የሠሩት ወረቀት ነው፤ አንድ ቁጥር ቀይሮ ስሌቱን እንደገና መሥራት ይቻላል ተብሏል። ሦስተኛው ከፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚመጣው ያለቀለት ወረቀት ነው። ሦስቱም የሚመሳሰሉበት ነገር አለ፤ የትኛውንም ቢመርጥ እሱ ራሱ ሊያውቀው የጓጓለት ነገር የለም።

ወሬያችን ወደ ቤት ዞረ። አክስቴ እንጀራ ጋግራ እያከፋፈለች ነው ልጆቿን ያሳደገችው። እንዴት ናት ስለው «ምሽት ላይ መብራቱ እየደከመባት ተቸግራለች» አለኝ። ምጣዱ አይግልም፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ሊጡ ይበላሻል። ከዚያ እግረ መንገዱን እንዲህ አለ፦ «የሚገርመው መብራቱ የሚደክመው ትንሽ ነው፣ አምፖሉ እንኳን በደንብ ይበራል። የእሷ ሥራ ግን እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። ለምን እንደሆነ አይገባኝም።»

«አይገባኝም ያልከው ነገር ርዕስ አይሆንም?» አልኩት። ሳቀ።

እሱ ይሳቅ እንጂ ነገሩን ትንሽ ብታስቡት ውስጡ እውነተኛ ፊዚክስ አለ። ቤታችን የሚገባው መብራት 220 ቮልት እንዲሆን የታሰበ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይበላል። ቮልቴጁ ወደ 180 ቢወርድ የቀነሰው 18 ከመቶ ብቻ ነው። ምጣዱ የሚያገኘው ኃይል የሚከተለው ግን የቮልቴጁን ካሬ ነውና በ33 ከመቶ ይቀንሳል፤ ከ3.5 ወደ 2.3 ኪሎ ዋት ይወርዳል። ይህን የ12ኛ ክፍል ተማሪም ያሰላዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው መለካት የሚፈልገው። የጋለ ምጣድ በጎኑም በታቹም ሙቀት ያፈሳል። ሊጥ ሳይፈስበት ባዶውን ቢቀመጥም ያፈሳል። ምጣዱ እንጀራ ለመጋገር 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እስካለ ድረስ የሚባክነው ሙቀት መብራት ደከመ ብሎ አይቀንስም። ለምሳሌ ያህል ብክነቱ 1 ኪሎ ዋት ነው እንበል። በደህናው ጊዜ ለእንጀራው የሚተርፈው 2.5 ነበር፤ መብራት ሲደክም 1.3 ብቻ ይሆናል። ግማሽ ማለት ነው። አክስቴ «እጥፍ ጊዜ ይወስድብኛል» ስትል ያጋነነች መስሎን ነበር።

ግን 1 ኪሎ ዋት ያልኩት እኔ ነኝ፤ ትክክለኛውን ቁጥር የሚነግረን የእሷ ምጣድ ነው። የሸክላው ውፍረት፣ ሽቦው የተቀበረበት ጥልቀት፣ ከሥሩ ያለው መከላከያ፣ አክንባሎው በደንብ መግጠሙ ሁሉ ይቀይረዋል። እዚህ ላይ ተማሪው የሚሠራው ሥራ አለው። ኤሌክትሪሻኖች ቴስተር የሚሉት መልቲሜትር፣ እስከ 300 ዲግሪ የሚያነብ የሙቀት መለኪያ፣ የስልክ ሰዓትና ደብተር ይበቃዋል። በኮቪድ ጊዜ ግንባራችን ላይ ይደገኑ የነበሩት መለኪያዎች ለሰው ትኩሳት ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ አይረዱትም፤ የኢንዱስትሪውን ዓይነት መፈለግ አለበት። የሚያስፈልገው ቤተ ሙከራ ደግሞ የእናቱ ማዕድ ቤት ነው።

ጉዳዩ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የህዳሴ ግድብ ሙሉ አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ለ3.5 ኪሎ ዋት አካፍሉት፤ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ምጣድ ይመጣል። ግድቡ ያለ ምንም ብክነት በሙሉ አቅሙ ቢያመነጭና ሌላ ነገር ሁሉ ጠፍቶ ምጣድ ብቻ ቢበራ፣ በአንድ ጊዜ የሚያግለው ይህን ያህል ነው። ስለዚህ ምጣድ ላይ የሚባክን ሙቀት የአገር ኃይል ጉዳይ ነው። ይህን ለክቶ በአማርኛም በእንግሊዝኛም የሚጽፍ ተማሪ ያስፈልገናል።

ልጁ ሐሳቡን ይዞ ሄደ። መጀመሪያ የገጠመው ሳቅ ነው። «ይሄ የባልትና ጉዳይ ነው፣ ፊዚክሱ የታለ?» አሉት። ከዚህ የባሰው ግን ከቤት የመጣው ነው። አክስቴ ስትሰማ ተቆጣች፦ «እኔ ምጣድ ላይ የተጠበስኩት አንተ ከምጣድ እንድትርቅ ነው! አራት ዓመት ተምረህ ስለ እኔ ጭስ ልትጽፍ ነው?»

ይህን ንግግር እስካሁን አልረሳሁትም። ምክንያቱም የርዕስ ምርጫችንን ምሥጢር የተናገረችው እሷ ናት። ትምህርት ማለት ከቤታችን ጉዳይ መሸሽ ነው ብለን ተስማምተናል። እናት ከምጣዱ፣ አባት ከሞፈሩ ልጃቸውን ለማራቅ ይደክማሉ፤ ልጁም ታማኝ ሆኖ ይርቃል። ከዚያ ለመመረቂያው ርዕስ ሲፈልግ እጁ ላይ የቀረው ሌሎች አገሮች ውስጥ ሌሎች ሰዎች የጠየቁት ጥያቄ ብቻ ይሆናል።

ጎረቤት አህጉር መሄድ ሳያስፈልገን አንድ የታንዛኒያ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1963 ኤራስቶ ምፔምባ የሚባል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር አይስክሬም ይሠራ ነበር። ደንቡ ወተቱን ከስኳር ጋር አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ከዚያ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት ነው። ቦታ እንዳይቀደም ቸኩሎ ትኩሱን አስገባው። ሲመለስ የእሱ ቀድሞ ረግቷል። መምህሩን ቢጠይቅ ተምታቶብሃል ተባለ። ሌላ ትምህርት ቤት ገብቶ ሲጠይቅ ደግሞ ይሄ «የምፔምባ ፊዚክስ» ነው ተብሎ ተቀለደበት። በኋላ ዴኒስ ኦዝቦርን የሚባሉ የዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የፊዚክስ መምህር ለንግግር ሲመጡ ተነስቶ ጠየቃቸው። ተማሪው ሳቀ። እሳቸው ግን ተመልሰው በቤተ ሙከራቸው አስሞከሩት። በ1969 የሁለቱ ስም ያለበት ጽሑፍ በአንድ የፊዚክስ ትምህርት መጽሔት ላይ ወጣ። ክስተቱ ዛሬም በዓለም ላይ የሚጠራው በልጁ ስም ነው።

የታሪኩን ሌላ ገጽ ብዙ ሰው አያነሳውም። ክስተቱ እስካሁን ያከራክራል። በ2016 ሁለት የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የራሳቸውንም የሌሎችንም ሙከራ መርምረው ክስተቱ ለመኖሩ አሳማኝ ማስረጃ አላገኘንም ብለዋል። ሌሎች ደግሞ እስከ ዛሬ ምክንያቱን ይፈልጋሉ። ለእኛ ተማሪ ትልቁ ትምህርት ይህ ይመስለኛል። መልሱ «አዎ» ባይሆን እንኳ ጥያቄው ሥራውን ሠርቷል። ምጣዱ ላይም ብክነቱ ከገመትኩት በጣም አንሶ ቢገኝ ጥናቱ ወደቀ አይባልም፤ ሌላ ምክንያት እንድንፈልግ ይነግረናል።

ለፍትሕ ሲባል የሌላውንም ወገን ላንሳ። መምህራኑ ተማሪን ወደ ቲዎሪ የሚመሩት ክፋት ይዟቸው አይደለም። መሣሪያው የተበላሸ፣ ካለም ቁልፉ የጠፋ ቤተ ሙከራ ባለበት፣ ወረቀትና እርሳስ የሚጠይቅ ርዕስ የሚያዋጣ ነው። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። ፈተናውን ካላለፈ ዲግሪ እንደማያገኝ የሚያውቅ ተማሪ ለጥናቱ የተረፈ ጊዜውን ቢሰጥ አይፈረድበትም። ኳንተም ኦፕቲክስም ሆነ ብላክ ሆል በራሳቸው ነውር የለባቸውም። ከልቡ የሚወዳቸው ተማሪ ካለ ይግባባቸው። እኔ የምቃወመው መደበቂያ ሲሆኑ ነው።

መሣሪያ የለም ለሚል ተማሪም በር አልተዘጋም። የመሬት ማግኔታዊ ወገብ በአገራችን ላይ ያልፋል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የማግኔት መለኪያ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ሲመዘግብ ኖሯል። ከኛ ሰማይ በላይ ያለው የአየር ክፍል ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የጂፒኤስን ምልክት ለምን እንደሚረብሽ መጠየቅ የዓለም ሳይንቲስቶች እኛን የሚጠይቁን ጥያቄ ነው፤ ለሥራው ኮምፒውተርና ትዕግሥት ይበቃል። ኮምፒውተር የሌለው ደግሞ ቴርሞሜትርና ድስት ይዞ አውቶቡስ ይሳፈር። ውኃ አዲስ አበባ ላይ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አዳማ 94፣ ድሬዳዋ 96፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ 100። አንድ ኪሎ ባቄላ በእያንዳንዱ ከተማ ስንት ደቂቃና ስንት ከሰል ይፈጃል? ይህን የሚያውቅ ሰው ካለ እኔ አላገኘሁትም።

በኛ ሙያ አዲስ ሐሳብ ይዘህ ስትገባ አርታኢው «ዜናው ምንድን ነው?» ይልሃል። «ስለ ኑሮ ውድነት ልጽፍ ነው» ካልክ ትመለሳለህ። የፊዚክስ ተማሪውም ርዕሱን ወደ አማካሪው ከመውሰዱ በፊት ራሱን አራት ነገር ቢጠይቅ ደስ ይለኛል።

አንደኛ፣ ርዕሴን በጥያቄ ምልክት በሚያልቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ለእናቴ ማስረዳት እችላለሁ?
ሁለተኛ፣ የምለካው ወይም የማሰላው ምንድን ነው? በምን መሣሪያ? እስከ መቼ?
ሦስተኛ፣ ምን ቢመጣ ነው «ግምቴ ስህተት ነበር» የምለው?
አራተኛ፣ መልሱን ከእኔ ሌላ የሚፈልገው ሰው አለ?

«የብላክ ሆል ባሕርያት ጥናት» በዚህ ወንፊት ሲነፋ ሁለተኛው ላይ ይቀራል። ሦስተኛው ላይ የሚደርስ የተገዛ ወረቀት ደግሞ እስካሁን አላየሁም፤ ግምት ያልነበረው ሰው ግምቱ ሊሳሳት አይችልም።

የአክስቴን ልጅ ነገር ልቋጨው። ርዕሱን አልለወጠም፤ ልብሱን ነው የለወጠለት። «የቮልቴጅ መዋዠቅ በሸክላ ምጣድ የሙቀት ሽግግር ላይ ያለው ተጽዕኖ» ብሎ ሲያስገባ ያሳቀው ሐሳብ ያለ ጥያቄ አለፈ። አክስቴም ቁጣዋ በርዷል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ቴስተሩን አንብባ ቁጥሩን በስልክ የምትነግረው እሷ ናት። ውጤቱ ገና ነው።

ከዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የፊዚክስ ትምህርት ክፍሎች በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ ተማሪውን «ርዕስ አምጣ» ከማለታቸው በፊት አንድ ሳምንት ወደ ቤቱ፣ ወደ ጋራዡ፣ ወደ ወፍጮ ቤቱ፣ ወደ ጤና ጣቢያው ይላኩት፤ ያልገባውን አሥር ነገር ጽፎ ይምጣ። ከአሥሩ ስምንቱ መልሳቸው የታወቀ ይሆናል። ሁለቱ ላይ መምህሩም «እኔም አላውቀውም» ይላል። ያኔ አብረው ይሥሩት።

ወላጆችም ብትሆኑ ልጃችሁ ስለ ምጣዳችሁ፣ ስለ ወፍጯችሁ፣ ስለ ባጃጃችሁ ሊጽፍ ሲነሳ አትቆጡት። ሥራችሁ የሚለካ ነገር እንዳለበት አይቶላችኋል።

እናንተስ፣ በቤታችሁ ወይም በሥራ ቦታችሁ ሁልጊዜ የምታዩትና ምክንያቱ ያልገባችሁ ነገር ምንድን ነው? አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ፤ ሰብስቤ ርዕስ ለሚፈልጉ ተማሪዎች አደርሳለሁ።

ቸር እንሰንብት።