ሌሊት የተንኳኳ በር

ዛሬ ይዘናችሁ የምንጓዘው ወደ ታላቂቱ ፓሪስ አይደለም። በደቡብ ማዕከላዊ ፈረንሳይ፣ በኦት ሉዋር ክፍለ ሀገር ወደምትገኘው ሌ ሻምቦን ሱር ሊኞን ወደተባለች ትንሽ መንደር ነው። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሻምቦን 1,000 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው አምባ ላይ፣ ሊኞን በተባለው ወንዝ ዳር ተቀምጣለች። በስተደቡብ 1,753 ሜትር ከፍታ ያለው የሜዛንክ ተራራ ይገኛል። ዙሪያዋ የከብት ግጦሽና የጥድ ደን ነው። የገበሬዎቹ ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም ድንጋይ ሲሆን፣ የጥንቶቹ ጣሪያቸውም በጠፍጣፋ ድንጋይ የተከደነ ነው። በብርዱ ወራት «ቡርል» የሚሉት ነፋስ በረዶውን እየከመረ መንገድ ይዘጋል።

የመንደሪቱ ሕዝብ በብዛት ፕሮቴስታንት ነው። በ1598 ንጉሥ ሄንሪ 4ኛ ለእነዚህ ምእመናን የሰጠውን የእምነት ፈቃድ፣ ሉዊ 14ኛ በ1685 ሻረው። ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ያህል በጫካና በሸለቆ ተደብቀው ጸለዩ። መሳደድን ከአያት ከቅድመ አያት ሲሰሙ ያደጉ ሰዎች ናቸው።

ከ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ፣ የከሰል ማዕድንና የፋብሪካ ከተማ ከሆነችው ከሴንት ኤትየን የሠራተኛ ልጆች ንጹሕ አየር እንዲያገኙ እየተባለ ወደዚህ አምባ ይላኩ ነበር። ስለዚህ የሰው ልጅ ተቀብሎ ማብላትና ማሳደር ለሻምቦን ሴቶች የተለመደ ሥራ ነበር።

ይህ ልምድ የተፈተነው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በ1940 ፈረንሳይ በጀርመን ተሸነፈች። ከዚያ በኋላ ባለው የበረዶ ወራት አንዲት ከናዚዎች የሸሸች አይሁዳዊት የመንደሩን ቄስ የአንድሬ ትሮክሜን በር አንኳኳች። በሩን የከፈቱት ባለቤታቸው ወይዘሮ ማግዳ ነበሩ። በእኛ አነጋገር «ቤት የእግዚአብሔር ነው» እንደ ማለት ወዲያው አስገቧት። ከእሷ በኋላ የመጣው ብዙ ነው።

በ1941 ጉርስ ከተባለው ማጎሪያ ካምፕ ልጆች ወጥተው በሻምቦን በተከፈተ የሕፃናት ቤት ገቡ። ልብ በሉ፤ ብዙዎቹ እናቶች በካምፑ እንደቀሩ ልጆቻቸውን ብቻ ሰጥተው ነበር። ከእነዚያ እናቶች መካከል ኋላ ወደ አውሽቪትዝ ተወስደው ያልተመለሱ አሉ። የእነሱን ልጆች ተቀብሎ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ትምህርት ቤት ማስገባት የሌሎች ሴቶች ድርሻ ሆነ። ምግብ በራሽን ካርድ በሚታደልበት ጊዜ በገበታ ላይ አንድ ሳህን መጨመር ቀላል አልነበረም።

በ1942 ክረምት መገባደጃ የቪሺ መንግሥት ፖሊሶች አውቶቡስ ይዘው መጥተው የአይሁዳውያኑን ስም ጠየቁ። ቄሱ እምቢ አሉ። ስደተኞቹ በየገበሬው ቤትና በየጫካው ስለተበተኑ ፖሊሶቹ ያገኙት ከጥቂት አይበልጥም። ሆኖም ዋጋ ያልተከፈለበት ደግነት አልነበረም። በሰኔ 1943 ጀርመኖች ከአንድ የተማሪዎች መኖሪያ 18 ወጣቶችን ከኃላፊያቸው ከዳንኤል ትሮክሜ ጋር ወሰዱ፤ ዳንኤልም በ1944 በፖላንድ፣ ማይዳኔክ በተባለው ካምፕ ሞተ።

ዛሬ ወደ ሻምቦን የሚሄድ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ በር በላይ ሰው እርስ በርሱ እንዲዋደድ የሚያዘውን የወንጌል ቃል ተቀርጾ ያያል። ከ2013 ጀምሮም የመታሰቢያ ሙዚየም አለ። በ1990 ያድ ቫሼም የተባለው የእስራኤል ተቋም መንደሪቱንና አካባቢዋን በሙሉ በክብር መዝገብ አስፍሯል።

እንግዲህ እናቶች፣ የሻምቦን ሴቶች የያዙት መሣሪያ በየቤታችን ያለው ነው፤ ሾርባ፣ ብርድ ልብስና ተጨማሪ ፍራሽ። ልዩነቱ በሩ በተንኳኳ ጊዜ መክፈታቸው ነው። ለልጆቻችን ይህን ታሪክ ስንነግር፣ በሩን ማን እንደከፈተ መንገሩን አንርሳ።