የማታ ጸሎት በቤታችን

አንባቢዎቻችን እንደሚገምቱት፥ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የሚያገለግል ሰው ቀኑን ሙሉ የሚጽፈው የሌላውን ሰው ጠብ ነው። ባል ከሚስቱ፥ ጎረቤት ከጎረቤቱ፥ ይልቁንም ወንድም ከወንድሙ በውርስ ሲካሰስ የሁለቱንም ቃል አስፍረን፥ ለመዝገቡ ቍጥር ሰጥተን ወደ መደርደሪያው እንመልሰዋለን። በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት ሊሞላን ጥቂት ቀርቶናል። በዚህም ሁሉ ዘመን እግዚአብሔር የሚገኘው በእሑድ ቅዳሴ ብቻ ይመስለን ነበረ። ከዕጣኑና ከከበሮው ተለይተን ወደ ቤታችን ስንገባ እርሱ በመቅደሱ ቀርቶ፥ እኛ ወደ ሽንኵርት ሽታና ወደ ልጆች ጩኸት የተመለስን ይመስለን ነበረ።

ይህ አሳብ ስሕተት መሆኑን የተማርነው ከባለቤታችን ነው። እርስዋ ዳቦ ስትቈርስ አስቀድማ በቢላዋው ጫፍ የመስቀል ምልክት ታደርግበታለች። ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት ሲወጡ በደጃፍ አቁማ በአውራ ጣትዋ ግንባራቸውን ታማትባለች። ልጁ ቸኵሎ ደረጃውን ቢወርድ እንኳ ጠርታ ትመልሰዋለች፤ ታክሲው ቢያመልጠው ግድ የላትም። እኛም አንድ ጊዜ «ይህን ያህል ምን ያስፈልጋል?» ብለን ብንጠይቃት፥ «አንተ ማኅተም ያልተመታበት ወረቀት ከመዝገብ ቤት ታስወጣለህ?» ብላ መለሰችልን። ለጸሐፊ ከዚህ የበለጠ መልስ አይገኝለትም።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ምእመናን ቤታቸውን ቤተ ክርስቲያን እንዲያደርጉ በስብከቱ መምከሩ የታወቀ ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በፈረንጆች ዘመን አቈጣጠር በ1964 ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ድንጋጌ ቤተ ሰብን እንደ ቤት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ጠርቶታል። ዳሩ ግን ይህን ቃል በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን ሰምተን ያለፍነው እንደ ሌላው የፈተና ጥያቄ ነበረ።

ከተማርነው ሁሉ በልባችን የቀረው የሊዝዩዋ የቅድስት ትሬዛ ታሪክ ነው። ይህች ፈረንሳዊት ድንግል በ1873 ተወልዳ በ1897 በሃያ አራት ዓመትዋ ዐረፈች። አባትዋ ሰዓት ሠሪ፥ እናትዋ የዳንቴል ሠራተኛ ነበሩ። ከወለዱአቸው ዘጠኝ ልጆች አራቱ በሕፃንነታቸው ሞቱባቸው፤ የተረፉት አምስቱ ሴቶች ሁሉም መነኰሱ። ባልና ሚስቱም በ2015 በአንድነት ቅዱሳን ተብለው ታወጁ። ትሬዛ ራስዋ እንደ ጻፈችው፥ በጸሎት ጊዜ ከኋላዋ የምትቀመጥ አንዲት እኅት ዘወትር ትንሽ ድምፅ እያሰማች ታስቸግራት ነበረ። እርስዋም ዘወር ብላ በመገሠጽ ፈንታ ያን ድምፅ እንደ ዜማ ቈጥራ ለጌታ አቀረበችው። መሐረብ ሲያጥቡ ቆሻሻ ውኃ የምትረጭባት ሌላ እኅትም ነበረች፤ ስለዚያም ፊትዋን አላዞረችም።

እኛ ግን እንዲህ ያለ ትዕግሥት አልተሰጠንም። በቤታችን ማታ ማታ የመቍጠሪያ ጸሎት እናደርሳለን፤ አምስት ጊዜ አሥር አሥር ይቈጠራል። ታናሹ ልጃችን ስድስት ዓመቱ ሲሆን፥ ሲጸልይ መቍጠሪያውን ከወንበሩ እግር ጋር ቀጭ ቀጭ ያደርገዋል። ቀኑን ሙሉ የክርክር ድምፅ ሲሰማ የዋለ ጆሮ ይህን ሊታገሥ አይችልም። ስንት ጊዜ እመቤታችንን በማመስገን መካከል አቋርጠን «ተው!» ብለን እንደ ጮኽን ብንናገር አንባቢ ያፍርብናል።

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ ስንጸልይ አራተኛውን አሥር ጨርሰን ለአምስተኛው አቡነ ዘበሰማያትን አደረስን። የሰውን በደል ስለ ይቅርታ ከሚናገረው ስፍራ በደረስን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጃችን ድምፅዋን አቆመች። ኋላም፥

«አባዬ፥ ይህ ለአጎቴም ነው?» አለችን።

አጎቴ ያለችው ታላቅ ወንድማችንን ነው። እኛ የተወለድነው በጉራጌ አገር በእምድብር አቅራቢያ ነው። ካቶሊኮች ብንሆንም ቅዳሴያችን በግእዝ ሥርዓት ስለ ሆነ፥ አባታችን ወደ ሚስዮን ትምህርት ቤት ከመግባታችን በፊት ፊደልና ዳዊት እንድናጠና ወደ የኔታ ሰደዱን። መንገዱ ሩቅ ስለ ነበረ፥ በዝናም ጊዜ ወንዙን በጀርባው አዝሎ የሚያሻግረን ይህ ወንድማችን ነበረ። እርሱ ትምህርቱን ትቶ ከእንሰቱ ማሳ ስለ ቀረ እኛ ልንማር ቻልን።

አባታችን ካረፉ በኋላ ወንድማችን ከጓሮው ባሕር ዛፍ ጥቂቱን ሳያማክረን ሸጠ። ገንዘቡ ብዙ አልነበረም። እኛ ግን እንደ ልማዳችን ብዕር አነሣን። «ጋሼ» እያልን ላደግነው ሰው በስሙ ፊት «አቶ» ጨምረን፥ ቀንና ቍጥር ጽፈን፥ በዐሥራ አምስት ቀን ውስጥ ሒሳቡን እንዲያስታውቀን በደብዳቤ አዘዝነው። በግርጌውም ለሁለት ዘመዶች ግልባጭ እንዲደርስ አደረግን። ደብዳቤው እንከን አልነበረበትም፤ እስከ ዛሬ ከጻፍናቸው ሁሉ የሚያሳፍረን ይህ ነው። መልስ አልመጣም። የጉራጌ ሰው ከየትም ሆኖ ለመስቀል ወደ አባቱ ቤት ይገባል፤ እኛ ግን ሦስት መስቀል በአዲስ አበባ ተቀምጠን፥ ክትፎ ከምግብ ቤት ገዝተን በላን። ልጆቹ ምክንያቱን ሲጠይቁ ሥራ በዛ እንላቸው ነበረ።

ለልጅቱ ጥያቄ መልስ አጣን። በፍርድ ቤት ቢሆን ቀጠሮ እንሰጥ ነበር። ባለቤታችን ዝም ብላ ሻማውን ወደ እኛ አስጠጋች፤ የእጅ ስልካችንም በአጠገቡ ተቀምጦ ነበረ። ታናሹ ልጅ መቍጠሪያውን ቀጭ ቀጭ ማድረጉን አልተወም፤ ያን ማታ ግን «ተው» ልንለው አልደፈርንም። ስልኩን አንሥተን ደወልን።

ወንድማችን ፈጥኖ አነሣው።

«ጋሼ፥ እኔ ነኝ።»

«ማን ሞተ?» አለ።

ይህን ቃል ስንሰማ ጕልበታችን ከዳን። የሦስት ዓመት ዝምታችንን ሊሰብረው የሚችል መርዶ ብቻ እንደ ሆነ አድርጎ አኑሮት ነበረና።

«ማንም አልሞተም፤ ሁላችንም ደኅና ነን» አልነው። ከዚያ ወዲያ የምንለው ጠፋን። ለሌላው ሰው አቤቱታ ቃል የማያጥረው ጸሐፊ ትንፋሹን ብቻ ያሰማ ነበር። እርሱም ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ዝናሙ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ በስልኩ ውስጥ ይሰማ ነበረ። በመጨረሻው፥

«ለመስቀል ስንት ትሆናላችሁ?» አለን። «ቅቤ ከአሁኑ መጠራቀም አለበት።»

«አራት ነን።»

«ያቺ ትንሽዋ አድጋለች?»

«አድጋለች።»

ስለ ባሕር ዛፉ እርሱም አላነሣ፥ እኛም አላነሣን፤ ሒሳቡ እስከ ዛሬ እንዳለ ነው። ስልኩን ስናስቀምጥ ሻማው ሊያልቅ ተቃርቦ፥ ታናሹ ልጅ መቍጠሪያውን በእጁ እንደ ያዘ አንቀላፍቶ ነበረ። ልጅቱ ከየት እንዳቆምን አልዘነጋችምና፥ አቡነ ዘበሰማያትን እንደ ገና ከመጀመሪያው አስጀመረችን። የቀረችውን አንዲት አሥር በእርሱ ፈንታ እኛ ቈጠርንለት።