ጣልያን የናቀው ስድስት ነጥብ አምስት

አሜሪካ ውስጥ የረጅም ርቀት ዒላማ ተኳሾች መሃል ስትገኙ ከስማችሁ በፊት የምትጠየቁት ጥይታችሁን ነው። ጠመንጃው የቱንም ያህል ቢያምር ግድ የላቸውም። እኔ «ዊንቸስተር .308» ብዬ ስመልስ፣ አጠገቤ በደረቱ የተኛው ሰው ቤቴ መቃጠሉን የነገርኩት ይመስል በሐዘን አይቶኝ ወደ መነጽሩ ይመለሳል። እሱ የሚተኩሰው 6.5 ክሪድሞር ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም፣ ከዚያ ወዲያ ያለውም እንደዚያው።

ጠቡ በምን እንደሆነ ባጭሩ ልናገር። ዒላማው 1,000 ያርድ፣ ማለትም 914 ሜትር ርቆ ቆሟል። አረሩ እዚያ እስኪደርስ ከሰባት ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ይህ ግን ማንንም አያስጨንቅም። የመሬት ስበት ትናንትም ዛሬም ያው ነው፤ አስልቶ መነጽሩን ማስተካከል ይቻላል። ሰውን የሚያሳብደው ነፋስ ነው። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ የክሪድሞርን አረር ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ያህል ይገፋዋል፤ የእኔን ደግሞ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ። ነፋሱን በትክክል የገመተ በሁለቱም ይመታል። በትክክል የሚገምት ግን የለም፤ ክሪድሞር ገበያ ያገኘውም የተኳሹን ስህተት ስለሚያቃልልለት ነው።

ጥይቱን እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው የነብራስካው ሆርናዲ ነው። የኩባንያው ባለሙያ ዴቭ ኤማሪና የክሪድሞር ስፖርትስ ሰው ዴኒስ ዴሚል መከሩበት። ብልሃታቸው የሚገባችሁ ሁለቱን ጥይቶች ጎን ለጎን ስታቆሙ ነው። የክሪድሞር ቀለህ ከእኔው በሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ያጥራል፤ ያ ቦታ ለአረሩ ተለቀቀ። አረሩ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ጫፉ ላይ ቀይ ፕላስቲክ ተሰክቶ ሹል ሆኗል፣ ከኋላውም ጠበብ ይላል። ክብደቱ 9 ግራም ያህል ነው። እንዲህ ያለ አረር አየሩን ሰንጥቆ ሲሄድ ፍጥነቱን ቶሎ አይጥልም፤ ጠመንጃውም ትከሻ ላይ ብዙ አይራገጥም። የእኔው አጠገቡ ሲቆም ወፈር ያለ ባላገር ይመስላል። እወደዋለሁ።

ክሪድሞር የሚለው ስም የመጣው ከኒውዮርክ ነው። ሎንግ አይላንድ ላይ ክሪድ የሚባል ቤተሰብ እርሻ የነበረው መሬት እ.ኤ.አ. በ1873 የተኩስ ሜዳ ሆነ። በዓመቱ የአየርላንድ ቡድን ባሕር ተሻግሮ መጥቶ አሜሪካኖችን ገጠመ፤ በ800፣ በ900 እና በ1,000 ያርድ። አየርላንዶቹ ባሩድና አረሩ በአፈሙዝ በኩል የሚጎረስ ጠመንጃ ነበራቸው፣ አሜሪካኖቹ ከኋላ የሚጎርሱ ረሚንግቶንና ሻርፕስ። ሚልነር የተባለ አየርላንዳዊ በ900 ያርድ መሃሉን በረቀሰው፤ የበረቀሰው ግን የሌላ ሰው ዒላማ ነበር። የመሃሉ አራት ነጥብ ከንቱ ቀረ። ፍጻሜው 934 ለ931 ነው፤ ስሌቱን ለእናንተ እተዋለሁ። የመጨረሻዋን ጥይት የተኮሱት ኮሎኔል ቦዲን በተሰበረ ጠርሙስ የተቆረጠ እጃቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ነው። ሜዳው ዛሬ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኗል፤ የጥይት ክርክር ለሰማ ሰው አይደንቅም።

ረሚንግቶን ለእኛም እንግዳ አይደለም። ያ ውድድር ከተደረገ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1868 ዓ.ም. የአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ጉንደትና ጉራ ላይ ከግብፅ ጦር በሺህ የሚቆጠር ረሚንግቶን ማርኳል።

6.5 ሚሊ ሜትር የተባለው የአረር ውፍረት ልክ ግን ሌላ ዘር አለው። ይህን የነገሩኝ አንድ የማውቃቸው አዛውንት ናቸው፤ አባታቸው አርበኛ ነበሩ። ጥይቱን ሳሳያቸው «ይሄ እኮ የጣልያን ነው» አሉ። «ኧረ ጋሼ፣ አሜሪካኖች በቅርቡ የሠሩት ነው» ብላቸው፣ «ልኩን ነው የምልህ ልጄ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ጭስ በሌለው ባሩድ የሚተኩሰውን ለበል ጠመንጃ ካወጣች በኋላ የአውሮፓ ጦሮች ሁሉ አረራቸውን ማቅጠን ያዙ። ጣልያን በ1891 እ.ኤ.አ. ካርካኖ የተባለውን ጠመንጃ በ6.5 ሚሊ ሜትር ሠራች፤ ስዊድንና ኖርዌይ ተከተሉ፣ ጃፓንም፣ ግሪክም፣ ፖርቱጋልም። አድዋ ላይ ግን አብዛኛው የጣልያን ወታደር የያዘው አሮጌውን የቬተርሊ ጠመንጃ ነበር፤ መጋዘን ያለው የድሮ ጥይት ይለቅ ተብሎ። የመንግሥት ቆጣቢነት የትም አገር አንድ ነው። አዲሱ ልክ በብዛት ኢትዮጵያ የገባው በ1928 ዓ.ም. ወረራ ነው፤ ከዚያ ዘመቻና ከሊቢያ «ይህ ጥይት አቅም የለውም» የሚል አቤቱታ ሮም ደረሰ። በ1938 እ.ኤ.አ. 7.35 ሚሊ ሜትር የሚተኩስ ጠመንጃ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ጦርነት መጣና ሁለት ዓይነት ጥይት ማቅረቡ ከብዷቸው ወደ ናቁት ተመለሱ፤ ከአዲሶቹ ጠመንጃዎች ብዙዎቹ ለፊንላንድ ተሸጡ።

«ታዲያ ጣልያን አይረባም ብሎ የጣለውን ነው በዶላር የምትገዙት?» አሉ ጋሼ።

ልኩ አልነበረም ጥፋተኛው። የካርካኖ አረር 10.5 ግራም የሚመዝን፣ አፍንጫው ክብ ነው፤ ፈረንሳይና ጀርመን አረራቸውን ካሾሉ ከብዙ ዓመት በኋላም ጣልያን ክቡን አልተወችም። (በሽራፊ ሚሊ ሜትር ይወፍራልና ለክሪድሞር አይሆንም፤ እንዳትሞክሩት።) ስዊድኖች ግን በዚያው በ6.5 ሚሊ ሜትር ዒላማ ሲመቱ ኖረዋል፣ አሜሪካኖቹ ሳይሰሟቸው።

አሁን ደግሞ በውድድሩ ዓለም 6.5ም አረጀ ተብሎ ብዙዎቹ አሸናፊዎች ወደ 6 ሚሊ ሜትር ወርደዋል። ለጀማሪ የምመክረው ግን ያው ክሪድሞርን ነው፤ ጥይቱ በየሱቁ አለ፣ ነፋሱንም ያቃልላል። ብዙ የምትለማመዱና ለኪሳችሁ የምትሳሱ ከሆነ .308 ግዙ። የክሪድሞር በርሜል ከ2,000 እስከ 3,000 ጥይት ሲተኮስበት ለውድድር አይሆንም፤ የ.308 በርሜል 5,000 ያልፋል።