ምንነቱ ሳይታወቅ ስለሚዋጥ መድኃኒት

ስለ ሰውነት ውበት ያለን አስተያየት ከዘመን ወደ ዘመን የሚለዋወጥ መሆኑን ለመረዳት የአባቶቻችንን ሰላምታ ከዛሬው ጋር ማነጻጸር ይበቃል። ከብዙ ጊዜ በኋላ የተገናኙትን ሰው «ወፍረሃል፤ አምሮብሃል» ማለት ምርቃት ነበረ፤ «ከስተሃል» ማለት ግን «ምን አገኘህ? ታመህ ነበርን?» ብሎ እንደ መጠየቅ ይቈጠር ነበር። ረኀብንና በሽታን ደጋግሞ ያየ ሕዝብ ውፍረትን የጤንነት ምልክት ቢያደርገው አያስደንቅም። ዛሬ በከተማ ያው ምርቃት ለብዙዎች፣ ይልቁንም ለወጣት ሴቶች፣ እንደ ስድብ ሆኖ ይሰማል። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ለስኳር በሽታና ለደም ግፊት በር የሚከፍት መሆኑ የተረጋገጠ ስለ ሆነ፣ ክብደትን ለመቀነስ ማሰብ በራሱ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ በዚሁ አሳብ ላይ የቆመው ንግድ ነው።

የእኅቴ ልጅ ባለፈው ዓመት ከአንድ ነጋዴ በስልክ አዝዛ የገዛችውን «የክብደት መቀነሻ ሻይ» አንድ ወር ያህል ስትጠጣ ከረመች። ክብደቷም በእርግጥ ቀነሰ። ነገር ግን እንቅልፍ አጣች፤ አፏ ይደርቅ፣ ተቀምጣ ሳለችም ልቧ በኃይል ይመታ ጀመር። እናቷ ተጨንቃ ወደ እኔ ብትልካት፣ «ጋሼ፣ ቅጠል እኮ ነው፤ ቅጠል ምን ያደርጋል? ደግሞም ቀንሶልኛል» አለችኝ። ማሸጊያውን አገላብጬ ተመለከትሁት። የሠሪው ስም፣ አድራሻም ሆነ የመዝገብ ቍጥር የለበትም፤ ያለበት የቀጭን ሴት ሥዕልና «ፍጹም የተፈጥሮ» የሚል ቃል ብቻ ነው። ሐኪም ዘንድ ይዣት ብሄድ፣ ሐኪሙ ልቧን ከመረመረ በኋላ «በውስጡ ያለውን ሳላውቅ ምን እንደ ጐዳሽ ልነግርሽ አልችልም፤ ዛሬውኑ ተዪው» አላት። ተወችው፤ ልቧም ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። የተናገረቻቸው ሁለት ቃላት ግን የብዙ ሰው መከራከሪያ ናቸውና ሊመረመሩ ይገባል።

የመጀመሪያው «ቅጠል ነው» የሚለው ነው። ኮሶ የሚያውቅ ሕዝብ በዚህ ሊታለል ባልተገባውም ነበር። አያቶቻችን ኮሶን የተፈጥሮ ነው ብለው እንደ ልባቸው አልጠጡትም፤ መጠኑን የሚያውቅ ሰው ይፈልጉ ነበር እንጂ። በቤልጅግ አገር በብሩሰል ከተማ የሆነውም ይህንኑ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1992 ድረስ ለመክሳት ብለው የቻይና ዕፅ የተጨመረበት መድኃኒት የወሰዱ ሴቶች ኵላሊታቸው እየደከመ ወደ ሐኪም ይመጡ ጀመር። ነገሩ ሲመረመር፣ ስቴፋንያ ይባል በነበረው ዕፅ ፈንታ በቻይንኛ ስሙ የሚመስለው አሪስቶሎክያ የተባለ መርዛም ዕፅ ገብቶ ተገኘ። የተጐዱት ከ100 በላይ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ደማቸው በመሣሪያ እየታጠበ ወይም የሌላ ሰው ኵላሊት ተተክቶላቸው ለመኖር ተገደዱ፤ ከእነርሱም በኋላ ነቀርሳ የያዛቸው ነበሩ። ሁለቱም ዕፆች ቅጠል ያላቸው፣ ሁለቱም ከምድር የበቀሉ ናቸው።

ሁለተኛው «ቀንሶልኛል» የሚለው ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፈረንሳይ የጥይት ፋብሪካዎች ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ዳይናይትሮፌኖል ከተባለ ንጥረ ነገር የተነሣ ላብ እያጠመቃቸው ይከሱ፣ አንዳንዶቹም ይሞቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1933 በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይኸው ነገር ክብደት እንደሚቀንስ ገለጹ። በዓመቱም 100,000 የሚያህል ሰው ሳይወስደው እንዳልቀረ ተገመተ። መድኃኒቱ ያለ ጥርጥር ያከሳል፤ አሠራሩ ግን ድስት ሳይጣድ ማገዶ እንደ መማገድ ነው። ሰውነት ከምግብ የሚያገኘው ጉልበት ለሥራ መዋሉ ቀርቶ ሙቀት ብቻ ይሆናል፤ መጠኑ ካለፈም የሰውነቱ ትኵሳት እየጨመረ ሰውየውን ይገድለዋል፤ ማርከሻም የለውም። ዓይናቸው በሞራ የተጋረደም ብዙዎች ናቸው። ሽያጩ በአሜሪካ የቆመው በ1938 የወጣው የመድኃኒት ሕግ ለመንግሥት ሥልጣን ከሰጠ በኋላ ነው። እንግዲህ መቀነሱ ብቻውን የደኅንነት ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ በሽታም ይቀንሳልና።

ሦስተኛ ነገርም አለ። ሲቡትራሚን የሚባለው ክኒን አስቀድሞ በሐኪም ትእዛዝ ይሰጥ ነበር። የልብ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ የልብ ድካምንና በአንጎል የደም መቋረጥን እንደሚያበዛ በጥናት ስለ ታወቀ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት «ተፈጥሯዊ» ተብለው በሚሸጡ ብዙ የመክሻ ሸቀጦች ውስጥ ተደብቆ አግኝቶታል። ስለዚህ በእነዚህ ሸቀጦች ላይ አንድ እንግዳ ነገር ይታያል፤ የማይሠራው ገንዘብን ብቻ ሲያባክን፣ በፍጥነት የሚሠራው ይበልጥ ሊጠረጠር ይገባዋል።

በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112፣ መድኃኒት ለገበያ ከመዋሉ በፊት መመዝገብ እንዳለበት ያዛል። ነገር ግን አዋጅ በየሰው ስልክ ገብቶ ሊጠብቅ አይችልም። ዛሬ ሐኪሞች ለውፍረት የሚያዝዟቸው የተመረመሩ መድኃኒቶች እንኳ ሐሰተኛ ተሠርቶላቸው በመገኘቱ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

ስለዚህ መምህር በክፍሉ፣ ወላጅ በቤቱ፣ ማንም ገዢ በየገበያው ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ ዘንድ እመክራለሁ፦ ማን ሠራው? ምን አለበት? የት ተመዘገበ? ደግሞም እኛ ታላላቆች በልጆቻችን ገላ ላይ የምንሰነዝረውን ቀልድ ብንተው መልካም ነው። የእኅቴ ልጅ ወደዚያ ነጋዴ የሄደችው በሽታ ፈርታ ሳይሆን፣ በዘመድ መካከል የተነገረባትን ቀልድ ሸሽታ ነውና።