የአያቴ ውጅግራና ስም የሌለው ባሩድ

ይሄ ጽሑፍ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። የጠብመንጃ ወሬ የማይጥማችሁም ብትሆኑ አንብቡት፤ ዘመድ ቤት ያረጀ መሣሪያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያላየ ሰው ከመሀላችን ጥቂት ነው።

አያቴ ባለፈው ዓመት ዐረፉ። አርባቸው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው አጎቴ ከጨንቻ ደወሉልኝ። "አንተ እዛ አርባ ምንጭ ሙቀት ላይ ተቀምጠህ ስልክ ስትጎረጉር ነው የምትውለው፣ እስቲ አንዴ ለቁም ነገር ጎርጉርልኝ" አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ ከአባታቸው የወረሷት ውጅግራ አለች። አጎቴ በአርባው ቀን ሦስት ጊዜ ተኩሰው አባታቸውን ሊሸኙ ቆርጠዋል። ጥይት ግን የለም። ያለው በጨርቅ የተጠቀለለ አምስት ባዶ ቀለህ ነው። አንድ ሰው ደግሞ "የክላሽ ጥይት ፈትቼ በባሩዱ እሞላላችኋለሁ" ብሏቸዋል። የአጎቴ ጥያቄ አንድ ብቻ ናት፦ "ስንት ይግባበት?"

እኔም የዋህ ነኝ፣ ቁጥሯን አግኝቼ የምገላገል መስሎኝ ጀመርኩ። ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ።

ውጅግራ ስሟ ራሱ "ፉዚ ግራ" ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. የ1874 ሞዴል ናት። ለጥይቷ የተመደበው 5.25 ግራም ጥቁር ባሩድ ሲሆን፣ የሚገፋውም 25 ግራም እርሳስ ነው። ቁጥሩን ሳገኝ ደስ አለኝ፤ ልደውል ስልኬን ሁሉ አንስቼ ነበር። ከዚያ "ጥቁር" የምትለዋ ቃል ያዘችኝ።

የክላሽ ባሩድ ጥቁር ባሩድ አይደለም። ጭስ አልባ የሚባለው ነው። ፖል ቪዬይ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት የሠራው እ.ኤ.አ. በ1884 ነው፤ ማለትም ውጅግራ ከተሠራች ከአስር ዓመት በኋላ። ግራም ለግራም ሲነጻጸር ጉልበቱ ከጥቁሩ እጅግ ይበልጣል። ያንኑ 5.25 ግራም ብትሞላበት መሣሪያው የሚፈነዳው ተኳሹ ፊት ላይ ነው። "ታዲያ ትንሽ ይደረግበታ" እንዳትሉኝ። ሲያንስም እርሳሱ በርሜሉ መሀል ተቀርቅሮ ሊቀር ይችላል፤ የሚቀጥለው ተኩስ ያኔ በርሜሉን ይሰነጥቀዋል።

አሜሪካ ቀለህ ቤታቸው የሚሞሉ ሰዎች አሉ። እነሱ ባሩድ የሚገዙት ስሙና ቁጥሩ በተጻፈበት ጣሳ ነው፤ ፋብሪካውም የእያንዳንዱን ልክ በመጽሐፍ ያትማል። እነሱም ቢሆኑ ይቸገራሉ። ፋብሪካው ይሸጣል፣ ባሩዱ መመረት ያቆማል፣ ያው ስም ሌላ ባሩድ ላይ ይለጠፋል። ጠንቃቃው ሰው የጣሳውን ዘመን መጽሐፍ ፈልጎ ያመሳክራል። ሲከፍተው የአሲድ ሽታ ካለው ወይም ቀላ ያለ ዱቄት ካየበት ያስወግደዋል። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ባሩድ ከሆነ ግን ልክ የሚባል ነገር የለውም። እኛ ቤት የሚመጣው ደግሞ ማን እንደሠራው የማይታወቅ፣ ከተፈታ ጥይት ፌስታል ላይ የሚራገፍ ባሩድ ነው። ይሄ ሁሉ እንግዲህ የ2012ቱን የጦር መሣሪያ አዋጅ ትተን ነው።

ደውዬ ነገርኳቸው። ተቆጡ። "አባቴ ቀለህ ሲሞሉ በዓይኔ አይቻለሁ! እስከ አፉ ነው የሚሞሉት፣ አንድ ቀን ጣታቸው አልተላጠም!"

ያስደነገጠኝ እውነታቸውን መሆኑ ነው። በምኒልክ ዘመን የውጅግራ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ገበያ ላይ ይገበያዩበት ነበር፤ የተተኮሰውም ቀለህ ተለቅሞ እንደገና ይሞላ ነበር። ጥቁር ባሩድ ደግሞ በቀለሁና በእርሳሱ መሀል ክፍት ቦታ ሳይተው ነው የሚሞላው። አጎቴ በልጅነታቸው ያዩት ትክክለኛውን ነው። እሳቸውን የሚገድላቸውም ያው ትክክለኛ ትዝታ ነው፤ እጃቸው የለመደው "እስከ አፉ" ነዋ።

በስልክ እንደማይሆን ገባኝና ቅዳሜ ጠዋት ዳገቱን ወጣሁ። ጨንቻ እንደ ልማዷ ጉም ለብሳለች። አጎቴ መሣሪያዋን ጭናቸው ላይ አጋድመው ቅቤ እየቀቧት አገኘኋቸው። "ጋሼ፣" አልኳቸው፣ "ቢፈነዳ የሚያገኘው እርስዎን ብቻ አይደለም። አጠገብዎ የሚቆመው ማን ነው?" መልስ አልሰጡኝም። አጠገባቸው የሚቆመው የአስራ ሁለት ዓመቱ የልጅ ልጃቸው ነበር፤ ጋሻውን እሱ እንዲይዝ ተወስኗል።

በአርባው ቀን ውጅግራዋን ባዶዋን ተሸክመው ለቀስተኛው መሀል ወጡ። አልተተኮሰም። ሊሞላ ቃል የገባው ሰውዬ ተቀይሞ ምሳ ሳይበላ ሄደ፤ አንዳንድ ዘመዶችም አሁን ድረስ "ያ ልጅ አያቱን ያለ ተኩስ አስቀበረ" ይሉኛል (ቀብሩ እኮ ድሮ አልቋል!)። አምስቱን ቀለሆች አጎቴን ለምኜ ይዤ ወረድኩ። ይሄን ስጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ ተደርድረዋል።

አጎቴ ባለፈው እሁድ ደወሉ። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እንሰቱ ካወራን በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ፦

"ያ ጥቁሩ ባሩድ ግን... ፈረንጅ አገር አሁንም ይሠራል?"

"ይሠራል ጋሼ።"

"እኮ!" ብለው ዘጉት።