የደም ምስክርነትና የልብ ሕመም

የሰው ልጅ ቀድሞ ሕመሙን የሚያውቀው በገዛ ሥጋው በሚሰማው ስሜትና ሐኪም መርምሮ በሚነግረው ቃል ነበር። ዛሬ ደግሞ ከክንድ የሚቀዳ ጥቂት ደም ሦስተኛ ምስክር ሆኖ ቆሟል። ስለዚህ ምስክር እንድንጽፍ ያነሣሣን፣ ቃሉ ሳይመረመር በየቤቱ እንደ መጨረሻ ፍርድ ሲቆጠር ማየታችን ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ በሮክፌለር የምርምር ተቋም ዊልያም ቲሌትና ቶማስ ፍራንሲስ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት፣ የሳንባ ምች በያዛቸው ሕሙማን ደም ውስጥ አንድ እንግዳ ነገር አገኙ። ሕሙማኑ ሲድኑ ምልክቱ ይጠፋ ነበር። ኋላም «ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን» የሚል ስም ወጣለት። ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጉበት ሲሆን፣ በሰውነት ውስጥ መቆጣት፣ ማለት ብግነት፣ በተነሣ ጊዜ መጠኑ ከፍ ይላል።

ይህ ከልብ ጋር ምን ያገናኘዋል? ለልብ ሥጋ ደም የሚያደርሱት ሥሮች በግድግዳቸው ውስጥ ስብ እየተከማቸ ይጠባሉ። ነገር ግን የደም ሥር እንደ ቦይ የሞተ ነገር አይደለምና፣ ስቡ ያለበት ስፍራ ይቆጣል። የተቆጣውም ስፍራ ሽፋኑ ቢቀደድ ደም በላዩ ይረጋል፤ መንገዱ ይዘጋል፤ የልብ ድካም ሳይሆን ድንገተኛው የልብ ሕመም የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። በ1997 በአሜሪካ ፖል ሪድከርና ባልደረቦቹ እንዳስረዱት፣ ጤነኛ ከሚመስሉ ወንዶች መካከል ይህ ምልክት በደማቸው ከፍ ያለባቸው ኋላ በልብ ሕመም ይበልጥ ተይዘዋል። በ2017 የወጣው «ካንቶስ» የተባለው ጥናት ደግሞ ቀድሞ ልባቸውን የታመሙ ከ10,000 በላይ ሰዎችን ይዞ፣ ስብን ሳይቀንስ መቆጣትን ብቻ የሚያበርድ መድኃኒት ሰጠ። ከመጠኖቹ በአንዱ የልብ ሕመምና የመሰል አደጋዎች ቍጥር በ15 በመቶ ያህል ቀነሰ። ሆኖም ለሞት የሚያበቃ ኢንፌክሽን ጥቂት ስለ ጨመረ መድኃኒቱ ለሁሉ የሚታደል አልሆነም።

የምልክቱ ክብር ይህን ያህል ነው። ወሰኑን ግን አንድ ባልንጀራችን ያስረዳናል። ይህ ሰው ዕድሜውን በማስተማር ያሳለፈ ሲሆን፣ ዳገት ሲወጣ ደረቱን ይጨምቀው፣ ሲያርፍ ይተወው ነበር። ቤተሰቡ «ጨጓራ ነው» እያሉ ወራት አለፉ። አንድ ቀን የደም ምርመራ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ፣ «ቍጥሩ 0.8 ነው፤ ከ1 በታች ከሆነ አያሰጋም ተብሏል። ከእንግዲህ ሐኪም ቤት ምን አለኝ?» አለን። ባለቤቱ ግን አጠገቡ ቆማ፣ «ወረቀቱ ደኅና ነዎት ቢል፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ ያስቀመጠዎት ምንድን ነው?» አለችው። መልስ አልነበረውም። እኛም ቃሏን ደግፈን ወደ ሐኪሙ መለስነው። በልቡ ደም ሥሮች ቀለም ተጨምሮ በራጅ ሲታይ፣ ሁለቱ በጣም ጠብበው ተገኙ።

ወረቀቱ ግን አልዋሸም። ከ1 ሚሊግራም በሊትር በታች ዝቅተኛ፣ ከ1 እስከ 3 መካከለኛ፣ ከ3 በላይ ከፍተኛ የሚባለው የወደፊቱን አደጋ ለመገመት ነው፤ የሥሩን ጥበት ለመለካት አይደለም። መቆጣቱና ጥበቱ ሁልጊዜ እኩል አይሄዱም። እንደዚሁም ከ10 ያለፈ ቍጥር ያየ ሰው ልቤ አለቀ ብሎ አይደንግጥ፤ ጉንፋን፣ የጥርስ ቁስል ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ያንን ሊያደርግ ስለሚችል፣ ሐኪሙ ሌላውን ምክንያት መርምሮ ምርመራውን በሌላ ጊዜ ይደግመዋል።

እንግዲህ አባወራና እማወራ ሆይ፣ ደረትን የሚጨምቅ፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ፣ ላብና የትንፋሽ ማጠር ያለበት ሕመም በቤታችሁ ሲነሣ የደም ቍጥር አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ፍጠኑ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውምና። ትምባሆን መተው፣ በእግር መሄድ፣ የደም ግፊትንና ስኳርን መቈጣጠር ለተቆጣው ሥርም ለጠበበውም ይጠቅማል። ጾምን በሚመለከት ሕመምተኛው ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር ይመካከር እንጂ መድኃኒቱን በገዛ ፈቃዱ አያቋርጥ። ወንጌላዊው ሉቃስ ባለ መድኃኒት እንደ ነበረ ከሐዋርያው መልእክት የተማርን እኛ፣ ጠበልንና ሕክምናን ባላንጣ አድርገን ልናቆማቸው አይገባንም።

የሥጋንም የነፍስንም ጤና የሚሰጥ አምላክ፣ ምልክቱን አይተን የምንነቃበትን ልቡና ያድለን።